የመጽሐፍ ልብስና የዕቃ መጠቅለያ

አንድ የሥዕል ተማሪ ትምህርቱን ሊፈጽም ሲቃረብ ከመምህሩ ሁለት ሥራ ታዘዘ እንበል። አንደኛው፥ ለአንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ የሽፋን ሥዕል ማዘጋጀት ነው። ሁለተኛው፥ ግማሽ ኪሎ የተቆላ ቡና ለሚይዝ ከረጢት ሥዕልና ጽሕፈት ማውጣት ነው። ተማሪው ፊተኛውን ሥራ በደስታ ይቀበላል፤ ሥራው ከደራሲው ስም ጋራ ተያይዞ በሰው እጅ እንደሚዞር ያስባልና። ሁለተኛውን ግን ቅር እያለው ይቀበላል፤ ከረጢት የነጋዴ ጉዳይ እንጂ የሠዓሊ ጉዳይ አይመስለውምና። እንዲህ ያለ ተማሪ በአንድ ትምህርት ቤት ወይም በአንድ አገር ብቻ የሚገኝ አይደለም። እኛም በእርሱ ዕድሜና በእርሱ ስፍራ ብንሆን ኖሮ ከዚህ የተለየ አሳብ ባልኖረን ነበር።

ነገር ግን ታሪክን መለስ ብለን ስንመረምር፥ የመጽሐፍ ሽፋንና የዕቃ መጠቅለያ የአንድ ቤት ልጆች ሆነው እናገኛቸዋለን። ሁለቱም ሦስት አገልግሎት አላቸው። አንደኛ፥ በውስጣቸው ያለውን ከጉዳት ይጠብቃሉ። ሁለተኛ፥ በውስጣቸው ያለው ምን እንደ ሆነ ያስታውቃሉ። ሦስተኛ፥ አላፊ አግዳሚውን ይጋብዛሉ። ታሪካቸውም ባጭሩ ሲነገር፥ መጋበዝ የተባለው ታናሽ ወንድም መጠበቅና ማስታወቅ የተባሉትን ታላላቆቹን እንዴት እንደ ቀደማቸው የሚያስረዳ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንገልጸው ያሰብነው ይህንኑ ነው። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት፥ የኢትዮጵያ ናቸው ካላልን በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ከሁሉ አስቀድመን ከአገራችን እንጀምር። በጥንቱ ሥርዓት ጸሓፊው ብራናውን ጽፎ ሲፈጽም መጽሐፉ ገና ራቁቱን ነው። ቅጠሎቹ በየጥራዙ ተሰብስበው በክር ይሰፋሉ፤ ከፊትና ከኋላ የእንጨት ገበታ ይገባላቸዋል፤ ገበታውም በለፋ ቆዳ ይለበጣል። ከዚህ በኋላ ደጓሹ በእሳት የጋለ ብረት ይዞ በቆዳው ላይ መስመሩን፥ ሐረጉን፥ በመካከልም መስቀሉን ያትማል። ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ መጽሐፉ በልኩ በተሰፋ የቆዳ ማኅደር ውስጥ ይገባና በጠፍሩ ከግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ባለቤቱም መንገድ ሲሄድ በትከሻው አንግቶት ይጓዛል። እንግዲህ ገበታው የመጽሐፉ ሽፋን ነው፤ ማኅደሩም የመጽሐፉ መጠቅለያ ነው። አባቶቻችን ሁለቱን ሥራዎች አንዱን ከፍ፥ ሌላውን ዝቅ ሳያደርጉ በአንድ ዕቃ ላይ አጋጥመው ፈጽመዋቸዋል ማለት ነው።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባል። አንደኛው፥ በገበታው ላይ የመጽሐፉ ስም ብዙውን ጊዜ አይጻፍም። መጽሐፉን የሚፈልገው ሰው አስቀድሞ ያውቀዋል፤ መጽሐፉም ለማያውቀው ሰው ራሱን ለመሸጥ አይጣራም። ሁለተኛው፥ በገበታው ውስጠኛ ፊት፥ ቆዳው ታጥፎ ከሚያልቅበት ጠርዝ መካከል፥ በብዙ መጻሕፍት ላይ ያማረ ጨርቅ ተለጥፎ ይገኛል፤ አንዳንዱም ከሩቅ አገር በንግድ የመጣ ነው። ከውጭ ሲያዩት ጠይም ቆዳ ብቻ የሆነው መጽሐፍ፥ ሲገለጥ ቀለሙ የደመቀውን ጨርቅ ያሳያል። ጌጡ የተቀመጠው ለአላፊ አግዳሚው ሳይሆን ለሚከፍተው ሰው ነው።

ይህ ጥበብ ምን ያህል ጥንታዊ እንደ ሆነ በዓድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ገዳም ይመሰክራል። በዚያ የሚገኙት ጥንታውያን የወንጌል መጻሕፍት ብራናቸው በራዲዮካርቦን ሲመረመር ከ330 እስከ 650 ባለው ዘመን ውስጥ እንደ ተዘጋጀ ታውቋል። ከእነርሱም አንደኛው ወርቅ በተቀባ መዳብ የተለበጠ ገበታ አለው፤ ሊቃውንትም ከመጽሐፋቸው ሳይለዩ እስከ ዛሬ ከቆዩት ሽፋኖች ሁሉ እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ መሆኑን ይናገራሉ። እሳትና ጦርነት፥ ዝናምና ምስጥ ባለፉበት አገር ይህን ያህል ዘመን የቆየ ሽፋን የመጠበቅን አገልግሎት በሚገባ ፈጽሟል ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ አውሮፓ እንሻገር። በዚያ ማተሚያ ከተፈለሰፈ በኋላ እንኳ ለብዙ ዘመን መጽሐፍ ልብሱን ለብሶ ከአሳታሚው ቤት መውጣት የተለመደ አልነበረም። ገዢው ብዙውን ጊዜ የታተመውን ወረቀት ሳይጠረዝ፥ ወይም በተራ ወረቀትና ካርቶን ተሸፍኖ ይገዛና ወደ ጠራዥ ወስዶ እንደ ሀብቱ መጠን በቆዳ ያስለብሰው ነበር። ስለዚህ ሽፋኑ የሚናገረው ስለ ገዢው ባለጠግነት እንጂ ስለ መጽሐፉ አልነበረም። በ1820ዎቹ ዓመታት ግን የሎንዶን አሳታሚዎች የአንድን መጽሐፍ ቅጂ ሁሉ በአንድ ዓይነት ጨርቅ አስጠርዘው መሸጥ ጀመሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በጨርቁ ላይ ጽሕፈትና ሥዕል በወርቅ ማተም ተቻለ። ጨርቁ ባማረ ጊዜ ደግሞ እርሱን ራሱን ከአቧራና ከእድፍ የሚጠብቅ ሌላ ልብስ አስፈለገ።

እስካሁን ከታወቁት የዚህ ዓይነት የወረቀት ልብሶች እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ በ1829 በሎንዶን ለወጣ የስጦታ መጽሐፍ የተሠራው ነው፤ ዛሬም በኦክስፎርድ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ይህ ወረቀት እንደ ዛሬው ሁለት ክንፉን ወደ ውስጥ አጥፎ በመጽሐፉ ላይ የሚቀመጥ አልነበረም። መጽሐፉን ዙሪያውን ከብቦ እንደ ተላከ ጥቅል በሰም የታሸገ ነበር፤ ገዢውም ከፍቶ የሚጥለው እንጂ የሚያኖረው አልነበረም። እንግዲህ ተማሪያችን የሚኮራበት የመጽሐፍ ልብስ በተወለደ ጊዜ የዕቃ መጠቅለያ ነበረ። ታላቁና ታናሹ ናቸው ተብለው የተለያዩት ሥራዎች አንድ ወረቀት ነበሩ።

የዕቃው ታሪክ ደግሞ እንደሚከተለው ነው። በዚያው ዘመን በአውሮፓም በአሜሪካም ባለሱቅ ስኳሩን፥ ሻዩን፥ ብስኩቱን ከበርሜልና ከጆንያ እየዛቀ በሚዛን ይሸጥ ነበር። በእኛም ገበያ ቡና የምትገዛ እመቤት ከጆንያው ጥቂት ዘግና በመዳፏ ላይ ትበትነዋለች፤ ሰባራውን ከደኅናው ትለያለች፤ ታሸተዋለች፤ ከየት አገር እንደ መጣም ትጠይቃለች። ዓይኗና አፍንጫዋ፥ ጣቶቿም ምስክሮቿ ናቸው። ባለሱቁ ሊያታልላት ቢያስብ እንኳ ከሦስት ምስክሮች ጋራ መከራከር አለበት።

በ1879 በኒው ዮርክ አጠገብ በብሩክሊን፥ ሮበርት ጌር የተባለ የወረቀት ከረጢት ሠሪ ነበረ። በፋብሪካው የዘር ከረጢት ሲታተም ሳለ አንዱ የብረት መስመር ከቦታው ተንሸራቶ፥ ወረቀቱን የእጥፋት ምልክት ሊያደርግበት ሲገባው ቆረጠው። ሌላ ሰው ቢሆን ስለ ጠፋው ወረቀት ተቆጥቶ ነገሩን በዚያው በተወው ነበር። ጌር ግን አንድ መኪና በአንድ ምት ካርቶንን ሊቆርጥም የእጥፋት መስመር ሊያወጣለትም እንደሚችል ከዚህ ስሕተት ተረዳ። ቀድሞ በእጅ እየተቆረጠ ይሠራ የነበረው የካርቶን ሣጥን ከዚህ በኋላ በመኪና በብዛት መሠራት ጀመረ፤ ዕቃውም ከበርሜል ወጥቶ በየሣጥኑ ታሸገ።

ሣጥኑ ሲዘጋ ግን የገዢው ዓይንና አፍንጫ ከውጭ ቀሩ። በእነርሱ ስፍራ የተተካው ሥዕል ነው። ገዢው ብስኩቱን አያየውም፤ የብስኩቱን ሥዕል ያያል። ቡናውን አያሸተውም፤ እንፋሎቱ የሚነሣ ሲኒ ተሥሎ ያያል። በዚህ ጊዜ ሠዓሊው ሳያስበው ታላቅ ኀላፊነት ወደቀበት፤ ሦስቱ ምስክሮች በተሻሩበት ችሎት ብቻውን ምስክር ሆኖ ቆመ።

ምስክር ደግሞ ሊዋሽ ይችላል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ «የሚስዝ ዊንስሎ ማስታገሻ ሽሮፕ» የተባለ መድኃኒት ጥርስ ለሚያበቅሉ ሕፃናት ይሸጥ ነበር። ለማስታወቂያ በሚበተኑት ካርዶች ላይ ልጇን በፍቅር የምታቅፍ እናት ተሥላለች፤ በብልቃጡ ውስጥ ግን ሞርፊን ነበረ። እናት ሥዕሉን አምና ታጠጣለች፤ ልጅዋም ዝም ሲል ሕመሙ የለቀቀው ይመስላታል። በእንዲህ ያለው መድኃኒት ተኝተው ሳይነሡ የቀሩ ሕፃናት ነበሩ። ሥዕሉን ብቻ ብንመለከት ያማረ ነው፤ የሠዓሊው እጅ የሠለጠነ ነው፤ ቀለሙም የተስማማ ነው። ሥዕሉ በሥዕልነቱ አንድም ጉድለት የለበትም፤ ጉድለቱ ከሥዕሉ በስተኋላ ባለው ዕቃ ላይ ነው። ሠዓሊው «ውስጡን ለቄስ» ብሎ አልፎታል።

ይህን ክፉ ልማድ ለማስቀረት ከረዱት ነገሮች አንዱ መጽሐፍ መሆኑ ደስ ያሰኛል። አፕተን ሲንክሌር የተባለው ደራሲ በቺካጎ የሥጋ ፋብሪካዎች ስላለው የሠራተኞች ኑሮ የጻፈው «ዘ ጃንግል» የተባለ ልብ ወለድ በ1906 ሲታተም፥ ሕዝቡ ከቆርቆሮው ጣሳ ውስጥ ምን እንደሚታሸግ አንብቦ ደነገጠ። ስለ ምግብና ስለ መድኃኒት ንጽሕና ብዙ ዓመታት የተደከመበት ሕግም በዚያው ዓመት ጁን 30 ቀን በፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ፊርማ ጸደቀ። ሕጉም በዕቃ ላይ የሚለጠፍ ጽሕፈትና ሥዕል ሐሰተኛ ወይም አሳሳች እንዳይሆን ከለከለ፤ መድኃኒት አልኮል፥ ሞርፊን፥ ኦፒየምና እነዚህን የመሰሉ ነገሮች ያሉበት እንደ ሆነ መጠኑ በግልጥ እንዲጻፍ አዘዘ። ሕጉ ሙሉ አልነበረም፤ በኋላም ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል። ቢሆንም የሣጥኑ ሠዓሊ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሕግ ፊት የሚጠየቅ ምስክር ሆነ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ሣጥንን ሕግ ይጠብቀዋል፥ መጽሐፍንስ ማን ይጠብቀዋል? ደካማ መጽሐፍ በደማቅ ሥዕል ተሸፍኖ ቢሸጥ፥ ወይም ጥልቅ መጽሐፍ በማይመስለው ሥዕል ቢዋረድ፥ ወደ የትኛው ዳኛ ይኬዳል? በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ በርካሽ ዋጋ የሚታተሙ መጻሕፍት፥ የታወቁ የሥነ ጽሑፍ ሥራዎች ሳይቀሩ፥ በውስጣቸው የሌለውን ነገር በሚያስጎመጁ ሽፋኖች ይሸጡ ነበር። ነገሩም እየገፋ ሄዶ በ1952 የአገሪቱ የተወካዮች ምክር ቤት ልዩ ኮሚቴ አቁሞ ጉዳዩን እስከ መመርመር ደረሰ። እኛ እንደሚመስለን ግን መጽሐፍን እንደ መድኃኒት ብልቃጥ በሕግ መለካት አይቻልም። ሞርፊን በሚዛን ይታወቃል፤ የልብ ወለድ ታሪክ መንፈስ ግን በሚዛን አይታወቅም። በሽፋኑ ላይ የተጀመረው ምርመራም ወደ ውስጠኛው ገጽ ለመግባት ጥቂት እርምጃ ብቻ ይቀረዋል። ስለዚህ ለመጽሐፉ ሽፋን ያለው ዳኛ የሠዓሊው ኅሊና ብቻ ነው።

ይህ ኅሊና እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳዩ ሁለት ምሳሌዎች እናቅርብ። ፊተኛው የፍራንዝ ካፍካ ነው። ይህ የፕራግ ደራሲ አንድ ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ ተለውጦ አስቀያሚ ተባይ ሆኖ እንደ ተገኘ የሚተርክ መጽሐፍ ጽፎ፥ በ1915 ሊታተም ሲል ሠዓሊው ኦቶማር ሽታርከ ተባዩን ይሥለው ይሆናል ብሎ ሠጋ። ለአሳታሚውም ደብዳቤ ጽፎ ተባዩ ፈጽሞ እንዳይሣል፥ ከሩቅ እንኳ እንዳይታይ ለመነ። በመጨረሻ የወጣው ሽፋን የሚያሳየው፥ የቤት ካባ የለበሰ አንድ ሰው ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ ከተከፈተ በር ሲርቅ ነው፤ ከበሩ በስተኋላ ያለው ጨለማ ብቻ ነው። ተባዩ ቢሣል ኖሮ አንባቢው የሚያስበው በሠዓሊው እጅ ተወስኖ በቀረ ነበር። ሽፋኑ ድንጋጤውን አስታወቀ፤ ምሥጢሩን ግን ጠበቀ። መጠበቅ የሚባለው አገልግሎት ከአቧራና ከዝናም ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ሁለተኛው ምሳሌ በ1935 በሎንዶን የተደረገው ነው። አለን ሌን የተባለው አሳታሚ መልካም መጻሕፍትን በስድስት ፔንስ ለሕዝብ ለመሸጥ አስቦ ለማኅበሩ ምልክት ሲፈልግ፥ ፔንግዊን የተባለችው ወፍ ተመረጠች። ኤድዋርድ ያንግ የተባለ የሃያ አንድ ዓመት የቢሮ ሠራተኛ ወደ ሎንዶን የእንስሳት መጠበቂያ ተልኮ ወፊቱን በርሳስ ነድፎ ተመለሰ። ይኸው ወጣት የነደፋቸው የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ሽፋኖች የታሪክ ሥዕል አልነበረባቸውም። ቀለሙ ብቻ የመጽሐፉን ዓይነት ይናገር ነበር፤ ብርቱካን ቀለም ለልብ ወለድ፥ አረንጓዴ ለወንጀል ታሪክ፥ ደማቅ ሰማያዊ ለሕይወት ታሪክ። እነዚህን መጻሕፍት በብዛት ካዘዙት አንዱ፥ ከስድስት ፔንስ በላይ ዋጋ ያለው ዕቃ የማይሸጥበት ዉልዎርዝ የተባለው ታላቅ ሱቅ ነበር፤ 63,500 ቅጂዎች ገዛ። መጽሐፉ ከተራ ሸቀጥ ጋራ ጎን ለጎን ተደረደረ። ሆኖም ከእነርሱ ጋራ ለመፎካከር ብሎ ያልሆነውን አልመሰለም፤ እንደ ጥሩ የሣጥን ጽሕፈት በውስጡ ያለውን ብቻ በቅንነት ተናገረ። በዚህ ስፍራ መጽሐፍ ከሣጥን ተማረ ብንል ስሕተት አይሆንብንም።

የተማሪ ሥራስ ምን ያህል ሊደርስ ይችላል? ለሚለው ደግሞ የጋሪ አንደርሰን ታሪክ መልስ ይሰጣል። በ1970 የምድር ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከበር፥ የቺካጎ የካርቶን ሣጥን ኩባንያ ከአሮጌ ወረቀት ተመልሶ ለተሠራ ወረቀት የሚሆን ምልክት እንዲነድፉ ተማሪዎችን በውድድር ጋበዘ። ከቀረቡት ከ500 በላይ ንድፎች መካከል ያሸነፈው በደቡባዊ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው የሃያ ሦስት ዓመቱ አንደርሰን ነው። እርስ በርሳቸው የሚከታተሉ ሦስት የታጠፉ ቀስቶችን ነደፈ፤ ሽልማቱም 2,500 ዶላር ነበረ። ያ ምልክት ዛሬ በዓለም ሁሉ በሣጥንና በጠርሙስ ላይ ይታያል፤ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ያውቀዋል።

የዚህ ምልክት የኋላ ታሪክ ግን ለሌላ ትምህርት ይሆናል። በ1988 የአሜሪካ የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ ማኅበር የፕላስቲክን ዓይነት በቍጥር ለመለየት ሲል በሦስት ቀስቶች የተከበበ ቍጥር አወጣ። ቀስቶቹ የተማሪውን ምልክት ስለሚመስሉ፥ ብዙ ሰው ቍጥሩ ያለበት ፕላስቲክ ሁሉ ተመልሶ የሚሠራ መሰለው፤ ነገሩ ግን እንዲህ አልነበረም። ይህ አሳሳችነት ለመቀነስ በ2013 በቀስቶቹ ፈንታ ተራ ሦስት ማዕዘን እንዲደረግ ተወሰነ። እውነትን ለመናገር የተነደፈ ምልክት በሌላ ሰው እጅ ወደ ስሕተት ሊመራ እንደሚችል፥ ስለዚህም የሠዓሊው ጥንቃቄ ርሳሱን ባስቀመጠበት ሰዓት የማያበቃ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ወደ አገራችን እንመለስ። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ታሪክ በ1900 ዓመተ ምሕረት፥ ይኸውም በ1908 እንደ አውሮፓውያን፥ በሮም ታተመ። ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ አስቀድሞ ወደ ኢጣልያ ሄዶ በቶሪኖ ከተማ የተማረው ሥዕልን ነበር። የአማርኛ ልብ ወለድ አባት የሥዕል ተማሪ ነበረ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓመተ ምሕረት ተቋቋመ። በ1950 ዓመተ ምሕረትም በቺካጎ ተምሮ በተመለሰው በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም አማካይነት የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በመሥራቹ ስም ይጠራል። በብራና ዘመን ጸሓፊው፥ ሠዓሊውና ደጓሹ በአንድ ቅጥር ግቢ ይገናኙ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም አንድ ሰው ነበሩ። ማተሚያው የለያያቸውን እነዚህን ሙያዎች እንደ ገና ማስተዋወቅ የሚቻለው በእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ነው።

የቡናው ከረጢትስ? ተማሪያችን ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ይወቅ። በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋ ጨፌ፥ ሐረርና ሲዳሞ የተባሉት ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡለት አመለከተ። ከክርክርና ከድርድር በኋላም በ2007 ስታርባክስ ከተባለው ታላቅ የቡና ኩባንያ ጋራ በስሞቹ አጠቃቀም ተስማማ። ክርክሩ ስለ ፍሬው ሳይሆን በከረጢቱ ላይ ስለሚጻፈው ስም ነበር። ገበሬው በሸንተረሩ ላይ የለቀመው ቡና ባሕር ተሻግሮ ሲሄድ ከእርሱ ጋራ የሚሄድለት ሌላ ምስክር የለውም፤ በከረጢቱ ላይ ያለው ስምና ሥዕል ብቻ ይሄድለታል። ይህን ምስክር የሚያቆመው ማን ነው? «የነጋዴ ጉዳይ ነው» ብሎ ቅር ያለው ተማሪ አይደለምን?

እንግዲህ ለሁለቱም ሥራ ምክራችን አንድ ነው። የመጽሐፉን ሽፋን የሚሥል ተማሪ ርሳስ ከማንሣቱ በፊት መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ያንብበው፤ የቡናውን ከረጢት የሚነድፍም ቡናውን አስቈልቶ፥ አስወቅጦ፥ አስፈልቶ ይጠጣው፤ ከማን እርሻ እንደ መጣም ይጠይቅ። ያላነበበውን የሚሥል፥ ያልቀመሰውንም የሚያሞግስ፥ ሳያይ እንደሚመሰክር ሰው ነው።

የጥንቱ ደጓሽ ስሙን በገበታው ላይ ሳይጽፍ አልፏል። ነገር ግን በገበታው ውስጠኛ ፊት የለጠፋት ያቺ ቍራጭ ጨርቅ መጽሐፉን ለሚከፍት ሁሉ አንድ ነገር ትናገራለች፤ ከውጭ የተሰጠው ተስፋ ከውስጥ አልጐደለም፥ እንዲያውም ተጨምሮበታል ትላለች። የዛሬው ሠዓሊ ከመኪናና ከቀለም ብዛት ጋራ ይህን አንድ ልማድ ከአባቶቹ ቢወርስ፥ መጽሐፉም ከረጢቱም ሲከፈቱ ገዢው የሚያፍርበት ሳይሆን የሚደሰትበት ይሆናል።